ለሌሊት ጎርፍ ሥልጣኑ የሌሊት ተረኛው ይሁን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክረምት ሲገባ «የቧንቧ ውኃችን ደፈረሰ»፣ «ውኃ ከጠፋ ሦስት ቀን ሆነ» የሚሉ አቤቱታዎች በየጋዜጣው ይወጣሉ። የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ «በዝናቡ ምክንያት ነው» ከሚለው አያልፍም። ዝናቡ ምክንያት መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በጣና ዙሪያ ዝናብ በታወቀ ወር፣ አብዛኛውን ጊዜም በታወቀ ሰዓት ስለሚጥል አስቀድሞ የሚዘጋጁለት ነገር ነው። በውኃ ማጣራት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን የጻፍነው ከዝናቡ በፊት ምን መደረግ እንዳለበት፣ በዚያው ሌሊት ምን እንደሚሠራና ምን ሲጎድል ምን እንደሚበላሽ አንባቢም ኃላፊም እንዲያውቀው ነው። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ከባድ ዝናብ በጣለበት ሌሊት ወደ ጣቢያው የሚገባውን ውኃ የመቀነስ፣ ካስፈለገም የማቆም ሥልጣን፣ ደውሎ ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ ለተረኛው ኦፕሬተር በጽሑፍ ይሰጠው።

ሌሊት የምንለው በምክንያት ነው። በሐይቁ ደቡብ ዳርቻ ደመናው ከሰዓት በኋላ ይከብድና ኃይለኛው ዝናብ ብዙ ጊዜ ማታና ሌሊት ይወርዳል። ላቦራቶሪው ግን 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይቆለፋል፤ የላቦራቶሪ ባለሙያውም፣ ጭቃውን አያይዞ የሚያዘቅጠውን ኬሚካል፣ የአሉሙን፣ መጠን የሚወስነው ኃላፊም ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ጭቃው ጣቢያው በር ላይ ሲደርስ የሚቀበለው ቀን የተስተካከለ፣ አሉሙን እየለካ የሚጨምር የዶዚንግ ፓምፕና ያንን እንዳይነካ የተነገረው አንድ ተረኛ ነው። ጠዋት ላይ ባለሙያው ሲመለስ ጎርፉ አልፏል፤ የተበላሸው ውኃም ሪዘርቫየሩን (የተጣራ ውኃ ማጠራቀሚያውን) አልፎ ሰፈር ገብቷል።

የሚመጣው ጭቃ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። ወንዞቹ ከፍ የሚሉት በነሐሴ ቢሆንም በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ያለው አፈር የሚበዛው በክረምቱ መግቢያ፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ ነው። በዚያ ወቅት ማሳው ለጤፍ ተደጋግሞ ታርሶ ባዶውን ስለሚቆይ ዝናቡ አፈሩን ያለ ከልካይ ይዞት ይወርዳል። ሰብሉ ከበቀለ በኋላ በነሐሴ የወንዙ መጠን ቢጨምርም አፈሩ ይቀንሳል። ስለዚህ ዝግጅቱን «ነሐሴ ሲቃረብ» እያለ የሚያዘገይ ጣቢያ ከባዱን ፈተና ባዶ እጁን ይቀበላል። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይህን አፈር ወደ ጣና ያመጡታል፤ ሐይቁ ራሱም ጥልቀቱ በጣም በዛ ከተባለ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ ኃይለኛ ነፋስ ሲነሳ ከታች ያለው ደቃቅ ደለል ተነቃንቆ ይወጣል። በሐይቁ ዳር መሳቢያ ያለው ጣቢያ ዝናብ ባይጥል እንኳ ከነፋስ በኋላ ውኃውን መለካት ያለበት ለዚህ ነው።

አፈሩ በራሱ ይዘቅጣል የሚል አሳብ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ከፊሉ ይዘቅጣል። 20 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ስፋት ያለው ደቃቅ አፈር በረጋ ውኃ ውስጥ አንድ ሜትር ለመውረድ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ይበቃዋል። 1 ማይክሮን የሆነው የሸክላ ቅንጣት ግን ለዚያው አንድ ሜትር ከ10 ቀን በላይ ይፈጃል። የደጋ አፈራችን ደግሞ ሸክላ ይበዛዋል። ጎርፉን በቅድመ ማዝቀጫ ገንዳ ለሁለትና ሦስት ሰዓት ማሳረፍ አሸዋውንና ሻካራውን አፈር ያስቀራል፤ ቀለሙን የሚሰጠውን ሸክላ የሚያስቀረው ግን እንደ አሉም ያለ አያያዥ ኬሚካል ነው። አሉም ቅንጣቶቹን አያይዞ እንደ ባዘቶ ያለ ፍሎክ ይሠራል፤ ፍሎኩ ሲከብድ ይሰምጣል።

ታዲያ ምን ያህል አሉም ይግባ? ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሚያሳየው ጃር ቴስት የሚባለው የብርጭቆ ሙከራ ነው፤ አሠራሩም ማንም ተረኛ በሁለት ቀን ልምምድ የሚችለው ነው። በመጀመሪያ ከመጋዘኑ ከራሱ፣ በዚያ ሳምንት ከሚጨመረው አሉም፣ 10 ግራም በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይሟሟል። ከዚህ 1 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ጥሬ (ገና ያልተጣራ) ውኃ ላይ ሲጨመር 10 ሚሊግራም በሊትር ማለት ነው። ስድስት ባለ አንድ ሊትር ቢከር (የመለኪያ ብርጭቆ) ጥሬ ውኃ ተሞልቶ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6 እና 8 ሚሊ ሊትር ይጨመርበታል፤ ይህም ከ20 እስከ 80 ሚሊግራም ያለውን ይፈትሻል። ማማሰያው በደቂቃ 100 ዙር ወይም ከዚያ በላይ ለአንድ ደቂቃ፣ ከዚያ በ30 ዙር ለ20 ደቂቃ ይዞራል፤ ከዚያም ቆሞ 30 ደቂቃ ይረጋል። ከላይ ያለው ውኃ ሳይናወጥ በመርፌ ሲሪንጅ ተወስዶ ድፍርስነቱና ፒኤቹ (አሲድነቱን የሚያሳየው ቁጥር) ይለካል። ጥሩ ውጤት የሰጠው ዝቅተኛው መጠን ይመረጣል።

ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ጎርፍ በፍጥነት እየጨመረ ባለበት ሰዓት የጃር ቴስቱ መልስ ከአንድ ሰዓት በፊት ስለነበረው ውኃ ነው። ስለዚህ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል፦ ጥሬው ውኃ እስከ 50 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ) ሲሆን ይህን ያህል፣ ከ50 እስከ 150 ሲሆን ይህን ያህል፣ ከ150 እስከ 400፣ ከ400 በላይ እያለ የሚወርድ። ተረኛው ድፍርስነቱን በየ30 ደቂቃው ይለካል፤ ደረጃው ሲለወጥ ወዲያው በሠንጠረዡ ያስተካክላል፤ ከዚያ በኋላ ጃር ቴስቱን ሠርቶ ያርማል። ሠንጠረዡ ከሌላ ጣቢያ የሚቀዳ አይደለም። ካለፉት ክረምቶች የራስ መዝገብ የሚወጣ ነው፤ መዝገብ በአግባቡ ያልያዘ ጣቢያም ዘንድሮ መጀመር አለበት።

አሉሙ ከድፍርስነቱ ጋር እኩል አያድግም። ውኃው አሥር እጥፍ ቢደፈርስ አሉሙ አሥር እጥፍ አይሆንም፤ ቅንጣት ሲበዛ እርስ በርስ መጋጨቱም ስለሚበዛ በጣም ጭቃማ ውኃ አንዳንዴ ቶሎ ይጠራል። ይልቅ የሚያስቸግረው ጎርፉ እየቀነሰ ሲሄድ፣ ሻካራው አልፎ ደቃቁ ሸክላ ብቻ ሲቀር ያለው ውኃ ነው። ውኃው አልጠራ ሲል ሁሌም አሉም መጨመር ደግሞ ትልቅ ስሕተት ነው። አሉም ከልክ ሲያልፍ ቅንጣቶቹ እንደገና ይለያያሉ፤ ውኃው ነጭ ደመና ይመስላል፤ ፒኤቹ ከ6 በታች ሊወርድ ይችላል፤ ያልተያዘው አሉሚኒየም የአሸዋ ማጣሪያውን አልፎ ሪዘርቫየር ውስጥ ይዘቅጣል። ሕዝቡ ባልዲው ሥር የሚያገኘው ነጭ ነገር አንዳንዴ ይኸው ነው።

ፒኤቹ የሚወርድበት ሌላም ምክንያት አለ። የዝናብ ውኃ አሲድ የሚቋቋምበት አቅም፣ አልካሊኒቲ የምንለው፣ ዝቅተኛ ስለሆነ ወንዙ በጎርፍ ሲቀጥን ይህ አቅም ይቀንሳል። 1 ሚሊግራም አሉም ግማሽ ሚሊግራም ያህል አልካሊኒቲ ይበላል። ጥሬው ውኃ በሊትር 40 ሚሊግራም አልካሊኒቲ ብቻ ኖሮት 60 ሚሊግራም አሉም ቢገባበት 30ው ይሄዳል፤ የሚቀረው 10 ፒኤቹን ሊይዝ አይችልም፤ ፍሎክም አይሠራም። ቢያንስ 30 እንዲተርፍ 20 ሊሞላ ይገባል፤ ለዚህም 15 ሚሊግራም በሊትር ያህል ውኃ የጠጣ ኖራ (ሃይድሬትድ ላይም) ይበቃል። ኖራው ከአሉሙ በፊት፣ ከእርሱም ራቅ ብሎ ይገባል፤ አንድ ቦታ ላይ ከተገናኙ ሁለቱም ይባክናሉ። ኖራ ከበዛ ደግሞ ፒኤቹ ከ8 ያልፍና ክሎሪኑ ይደክማል።

ስሌቱን በአንድ ምሳሌ እናሳይ። በሰከንድ 100 ሊትር የሚያጣራ ጣቢያ በበጋ 15 ሚሊግራም አሉም ቢጠቀም በሰዓት 5.4 ኪሎ፣ በቀን 130 ኪሎ ገደማ ነው። በጎርፍ 50 ሚሊግራም ሲደርስ በሰዓት 18 ኪሎ፣ በቀን 432 ኪሎ ይሆናል፤ በ50 ኪሎ ከረጢት ሲቆጠር ወደ ዘጠኝ ከረጢት ይጠጋል። ሁለት ከረጢት በአንድ ሺህ ሊትር ታንክ ሲሟሟ 10 በመቶ ይሆናል። ይህ ታንክ በበጋ 18 ሰዓት ተኩል ያገለግላል፤ በጎርፍ ሌሊት ግን በሰዓት 180 ሊትር እየሄደ በ5 ሰዓት ተኩል ያልቃል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ሙሉ የነበረ ታንክ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ባዶ ነው። ተረኛው ብቻውን ከሆነ በዝናብ ውስጥ ከረጢት ተሸክሞ፣ አሟሙቶ፣ ጓጉሉን አጥልሎ እስኪያዘጋጅ ድረስ ውኃው ያለ አሉም ያልፋል። ሁለተኛው ታንክ ከመምሸቱ በፊት ተሟምቶ መጠበቅ አለበት፤ በክረምት የሌሊት ፈረቃም ሁለት ሰው ይፈልጋል። ይህ ቅንጦት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በጎርፍ ጊዜ ከአሉም የበለጠ የሚረዳው ፍጥነት መቀነስ ነው። ከላይ ያለው ጣቢያ 240 ካሬ ሜትር ስፋትና 4 ሜትር ጥልቀት ያለው ማዝቀጫ ገንዳ አለው እንበል። በሰከንድ 100 ሊትር ሲገባ ውኃው ወደ ላይ የሚወጣበት ፍጥነት በሰዓት 1.5 ሜትር ነው፤ ገንዳው ውስጥም 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይቆያል። ወደ 60 ሊትር ሲቀንስ ፍጥነቱ 0.9 ሜትር ይሆናል፤ የሚቆይበት ጊዜም 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርሳል። በሰዓት አንድ ሜትር ብቻ የሚሰምጥ ፍሎክ በመጀመሪያው ተጠርጎ ይሄዳል፤ በሁለተኛው ይዘቅጣል። ለዚህ የሚከፈል ዋጋ የለም፤ አንድ ቫልቭ ማዞር ነው። አሉሙም በሰዓት ከ180 ወደ 108 ሊትር ስለሚወርድ ያው ታንክ ከ9 ሰዓት በላይ ይዘልቃል። ዶዚንግ ፓምፑ አብሮ መቀነሱ ግን አይረሳ፤ ካልተቀነሰ ከልክ ያለፈው አሉም ችግር ይመጣል።

«ሕዝቡ ውኃ አጣ ይላል» የሚለውን ፍርሃት እናውቀዋለን። እንቁጠረው። ከ100 ወደ 60 ሲቀነስ የሚጎድለው በሰዓት 144 ሜትር ኩብ ነው፤ በስድስት ሰዓት 864 ሜትር ኩብ ይሆናል። ማታ ሙሉ የሆነ ባለ አንድ ሺህ ሜትር ኩብ ሪዘርቫየር ይህን ይሸፍናል። ሌሊት ሰው ስለሚተኛ አጠቃቀሙ ከቀኑ ያንሳል፤ ስለዚህ ከዚያም በላይ ይቆያል። ጎርፉ ሌሊት መምጣቱ ለአንድ ነገር ይጠቅማል ማለት ነው፤ ሪዘርቫየሩ ከመምሸቱ በፊት ከሞላ። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ደመናው ሲከብድ ሪዘርቫየሩን መሙላት የቀን ፈረቃው የመጨረሻ ሥራ መሆን አለበት። ግማሽ ሪዘርቫየር አስረክቦ የሚወጣ የቀን ፈረቃ የሌሊቱን ተረኛ እጁን አስሮ ነው የሚሄደው።

ጨርሶ ማቆም ግን የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ምክንያቱም ቧንቧው ግፊት ሲያጣ ሌላ አደጋ አለ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ የከርሰ ምድር ውኃው ቅርብ ነው፤ በክረምት ቦዩም መጸዳጃ ጉድጓዱም ይሞላል። በቦይ ውስጥ የሚያልፍና የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ግፊት እስካለው ድረስ ውኃ ወደ ውጭ ያፈሳል፤ ግፊቱ ሲጠፋ ግን የቦዩን ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። ከጣቢያው ንጹሕ ሆኖ የወጣ ውኃ ሰፈር ውስጥ የሚበከለው እንዲህ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መቀነስ፣ ከሪዘርቫየር መስጠት፣ ሪዘርቫየሩ ሲያንስ በየአቅጣጫው እያፈራረቁ በግፊት መስጠት። ማቆም የሚመጣው ከማጣሪያው የሚወጣው ውኃ ከ5 ኤንቲዩ አልፎ አልመለስ ሲል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ክሎሪን በደንብ እንዲሠራ ድፍርስነቱ ከ1 በታች እንዲሆን ይመክራል፤ 5 ለዓይን ተቀባይነት ያለው ጣሪያ ነው። ቅንጣቱ ተሕዋስያንን ከክሎሪን ይከልላል። ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ተቅማጥ አምጪ ደግሞ በተለመደው የክሎሪን መጠን አይሞትም፤ እንዲህ ባለ ጣቢያ የሚያስቀረው ማጣሪያው ነው። ድፍርስ ውኃ ላይ ክሎሪን አብዝቶ መልቀቅ መፍትሔ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ተረኛው ይህን ሁሉ ቢያውቅም ቫልቩን ለማዞር ስልክ መደወል ካለበት ዕውቀቱ አይጠቅምም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚነሳ ስልክ የለም፤ ቢነሳም የሚመጣው መልስ ብዙ ጊዜ «እስኪነጋ ቆይ» ነው። በጽሑፍ የተቀመጠ ቁጥር ግን ሁለቱንም ያድናል፦ ጥሬው ውኃ ይህን ያህል ሲደርስ ወደ 60 በመቶ ቀንስ፤ ከማዝቀጫው የሚወጣው ከ10 ኤንቲዩ ካለፈ እንደገና ቀንስ፤ ከማጣሪያው የሚወጣው ከ5 ካለፈ ዝጋና መዝግብ። ጠዋት «ለምን ዘጋህ» የሚለው ጥያቄ ለመዝገቡ እንጂ ለሰውየው አይሆንም።

ዝቃጩንም አንርሳ። በበጋ በሳምንት አንዴ የሚከፈተው የዝቃጭ ማውጫ በጎርፍ ጊዜ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ መከፈት አለበት። አጭርና ተደጋጋሚ ይሁን፤ ለረጅም ጊዜ ከተከፈተ ዝቃጩ መሐል ላይ ቀዳዳ ይፈጠርና ንጹሑ ውኃ በዚያ ይሾልካል፤ ዝቃጩ ግን እዚያው ይቀራል። ፍሎክ በጠርዙ ላይ ሲንሳፈፍ ከታየ ዝቃጩ ወደ ላይ ደርሷል ማለት ነው። የወጣው ዝቃጭ ከመሳቢያው በላይ ወዳለው ወንዝ ወይም ወደ ሐይቁ ፈጽሞ አይለቀቅ።

የአሸዋ ማጣሪያዎቹ በደኅናው ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ሳይታጠቡ ይሠራሉ። በጎርፍ ግን በስድስትና በስምንት ሰዓት ሊደፈኑ ይችላሉ። ባክዋሽ የምንለው ከታች ወደ ላይ ማጠብ ብዙ ውኃ ይበላል፦ 20 ካሬ ሜትር ማጣሪያ በሰዓት 40 ሜትር ፍጥነት ለ10 ደቂቃ ሲታጠብ 133 ሜትር ኩብ ይሄዳል። ሁለት ማጣሪያ በአንድ ሌሊት ሦስት ሦስት ጊዜ ቢታጠብ 800 ሜትር ኩብ ነው፤ ከላይ የቆጠርነው ሪዘርቫየር በዚህ ብቻ ሊያልቅ ይችላል። ማዝቀጫው በደንብ ከሠራ ማጣሪያው አይደፈንም፤ ፍጥነት መቀነሱ ውኃ ያተርፋል የምንለውም ለዚህ ነው። ሁለት ማጣሪያ በአንድ ጊዜ አይታጠብ። ከታጠበ በኋላ የመጀመሪያው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ የሚወጣው ውኃ ይደፋ፤ የመድፊያ መስመር ከሌለ ማጣሪያው ግማሽ ሰዓት አርፎ ቀስ ብሎ ይጀምር። መብራት ጠፍቶ የቆመ ማጣሪያ መብራት ሲመለስ እንዲሁ ከተነሳ የያዘውን ጭቃ ይለቃል፤ በክረምት መብራት ስንቴ እንደሚጠፋ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ታጥቦ ይነሳ።

ስለ መብራቱ ካነሳን፦ ሞተር የሚያቃጥለው መብራቱ መጥፋቱ ሳይሆን ከሦስቱ የመብራት መስመሮች (ፌዞች) አንዱ ተቋርጦ በሁለቱ መሥራቱ ነው። ይህ ሲሆን ሞተሩን የሚያቆመው የፌዝ መቆጣጠሪያ ሪሌይ ዋጋው ከሞተር ጥቅልል ጋር አይወዳደርም፤ በየፓምፑ ይኑር። መብረቅ ለሚያበዛ አገር መብረቁን የሚመክት የሰርጅ አሬስተርና ወደ መሬት የሚያስገባው፣ ከ10 ኦም በታች የሆነ ኧርዝ ያስፈልጋል፤ ኧርዙ በበጋ፣ አፈሩ ሲደርቅ ይለካ። ጀነሬተር በየሳምንቱ ከነጭነቱ ይሠራ፤ ያለ ጭነት ማስነሳት ባትሪውን እንጂ ጀነሬተሩን አይፈትንም። መብራት ሲመለስ ፓምፖቹ አንድ በአንድ ይነሱ፤ የመውጫ ቫልቩ ቀስ እያለ ይከፈት፤ ይህ ካልሆነ በቧንቧው ውስጥ የሚመላለሰው የውኃ ግፊት መገጣጠሚያ ይፈታል።

ከሐይቁ የሚስቡ ጣቢያዎች አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለባቸው። ነፋስና ጎርፍ እምቦጩንና የተነቀለውን ደንገል ወደ መሳቢያው ይገፉታል፤ ወንፊቱ ይደፈናል፤ ፓምፑ ማጓራት ይጀምራል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ውኃን ወደ ላይ የሚገፋው 8 ሜትር ከጥቂት ያህል ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ ካለ ፓምፕ 2 ሜትር ያነሰ። ስለዚህ ወንፊቱ ትንሽ ሲደፈን ፓምፑ ውስጥ አረፋ ይፈጠርና ምላጩን ይበላዋል። የመሳቢያው ግፊት መለኪያ ከተለመደው ዝቅ ሲል ፓምፑን አቁሞ ወንፊቱን ማጽዳት ነው፤ ማጓራቱን ለምደው የሚያልፉት ድምፅ አይደለም።

ክሎሪን። ጎርፍ የሚያመጣው ፍግና ቅጠል ክሎሪኑን ይበላዋል፤ በበጋ የበቃው መጠን ላይበቃ ይችላል። ከ30 ደቂቃ ቆይታ በኋላ ቢያንስ 0.5 ሚሊግራም በሊትር ነጻ ክሎሪን መቅረት አለበት፤ መስመሩ ጫፍ ላይ ደግሞ ከ0.2 ማነስ የለበትም። በጎርፍ ሰሞን ጫፉ ላይ 0.2 እንዲደርስ ከጣቢያው ወደ 1 ሚሊግራም አድርጎ መልቀቅ ያስፈልግ ይሆናል፤ የሚወስነው ጫፍ ላይ መለካት ነው። በምሳሌው ጣቢያ 3 ሚሊግራም ቢያስፈልግ 65 በመቶ የሆነው የክሎሪን ዱቄት በቀን 40 ኪሎ ይሄዳል። ዱቄቱ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከአሉሙም ከናፍጣውም በተለየ ክፍል ይቀመጥ። ከዘይት ጋር ከተነካካ እሳት ይነሳል፤ ጎርፍ ከገባበት ይግላል፣ መርዛም ጋዝም ያወጣል። አሉምና ክሎሪን በአንድ ማንኪያ የሚቀዳበት ጣቢያ ካለ ዛሬውኑ ያቁም።

ባሕር ዳር የምትጠጣው ውኃ በአብዛኛው ከምንጭና ከጉድጓድ ስለሆነ ይህ አይመለከተንም የሚል አንባቢ ይኖራል። የአካባቢያችን ድንጋይ የተሰነጣጠቀ የእሳተ ገሞራ ዓለት ነው፤ ውኃ በስንጥቁ በፍጥነት ያልፋል። ዝናብ ከጣለ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚደፈርስ ምንጭ የገጽ ውኃ እየገባበት ነው፤ ይህ ምንጭ በዚያ ሰዓት እንደ ወንዝ ሊታይ ይገባል፣ ወደ ሪዘርቫየር መሄዱ ቀርቶ በመድፊያው ይለቀቅ። ከምንጩ በላይ ባለው ተዳፋት ጎርፍ የሚያዞር ቦይ በሰኔ ይጠረግ። የጉድጓዱ የብረት ቱቦ ከመሬት ቢያንስ ግማሽ ሜትር ወጥቶ ዙሪያው በሲሚንቶ ይደፈን። በጎርፍ የተዋጠ ጉድጓድ ሳይታከም አይከፈት፦ ባለ 8 ኢንች ጉድጓድ በአንድ ሜትር 32 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ 60 ሜትር ውኃ ካለው 1,900 ሊትር ያህል ነው። 50 ሚሊግራም በሊትር ለማድረስ 150 ግራም የክሎሪን ዱቄት ተሟምቶ ይጨመራል፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ የክሎሪኑ ሽታ እስኪጠፋ ወደ ውጭ ይደፋል።

ለሕዝቡ የሚነገረውም በወቅቱ ይሁን። በየቤቱ ያለ ሰው የደፈረሰውን ውኃ አሳርፎ በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ ካጠለለ በኋላ ቢያፈላው ወይም የውኃ ማከሚያውን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ቢጠቀም ራሱን ይጠብቃል፤ ይህን ማድረግ የሚችለው ግን ሲነገረው ነው። ተረኛው ሲዘጋ ማስታወቂያው በሰዓቱ በሬዲዮ ቢሄድ ጥሩ ነው። የትኛው ሰፈር፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ አፍልቶ መጠጣት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም፦ ሦስቱ ይበቃሉ።

የግዢው ነገር አሁን፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ መወሰን አለበት። አገር ውስጥ አሉም የሚመረትበት ፋብሪካ አዋሽ መልካሳ ነው፤ ከዚያም ከአዲስ አበባም የሚመጣ መኪና ብዙ ጊዜ በአባይ በረሃ ያልፋል፤ ያ መንገድ በክረምት በናዳ እንደሚቸገር የሚያውቅ ያውቀዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ፎገራና ደምቢያ በጎርፍ ሲዋጡ የታየው፣ ውኃ ሲበዛ ንጹሕ ውኃ ቀድሞ እንደሚጠፋ ነው። የምሳሌው ጣቢያ ለ30 የጎርፍ ቀን 260 ከረጢት አሉም፣ 1,200 ኪሎ የክሎሪን ዱቄትና ለጀነሬተሩ ቢያንስ የሁለት ቀን ናፍጣ በግቢው ሊኖረው ይገባል። የድፍርስነት መለኪያው በሐምሌ ሲበላሽ መለዋወጫ አይገኝም፤ ሁለተኛ መለኪያ፣ ያም ካልተገኘ የድፍርስነት ቱቦ፣ አስቀድሞ ይገዛ። ላይኛው ተፋሰስ ላይ ካሉ ሰዎች ጋር፣ ግልገል አባይ ድልድይ አካባቢም ይሁን ጉማራ ድልድይ ላይ፣ ወንዙ ሲሞላ ለጣቢያው የሚደውል ሰው መያዝ ደግሞ ምንም አያስወጣም፤ ተረኛው ጭቃው ሳይደርስ የሚዘጋጅባቸው ጥቂት ሰዓታት ያገኛል። ለዚያ ሰውም፣ ለተረኛውም፣ በሌሊት የሚሠራ ስልክና የአየር ሰዓት ይሰጣቸው፤ በግድግዳው ላይ የሚለጠፈው የሥልጣን ደብዳቤም ከሐምሌ 1 በፊት ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት ይድረሳቸው።

ከአክብሮት ጋር
በውኃ ማጣራት ሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች
ባሕር ዳር